የሰልፈር ቅነሳ አመጋገብ ለሜቲሌሽን ችግር መፍትሔ ነውን? የሥነ ምግብ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ምራቄን በፖስታ ልኬ ያገኘሁትን የዘረ-መል ውጤት ወደ ሌላ ድርጅት የመተንተኛ ገጽ ሳስገባው፣ ኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አር ሲ677ቲ የሚባለው ለውጥ በአንድ ቅጂ፣ ሲ.ቢ.ኤስ ሲ699ቲ የሚባለው ደግሞ በሁለቱም ቅጂ እንዳለብኝ በቀይ ቀለም አሳየኝ። ሜቲሌሽኔ ደካማ ስለሆነና የሲ.ቢ.ኤስ ኢንዛይሜ ከመጠን በላይ ስለሚሠራ ሰልፈር ያለበትን ምግብ እንድተው ተመከርኩ። ላለፉት አምስት ወራት እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት፣ ጎመንና ጥራጥሬ ትቻለሁ። ሆዴ መነፋቱን አቁሟል፤ ነገር ግን ይደክመኛል፣ ጸጉሬ ይረግፋል፣ በሽንት መመርመሪያ ወረቀት የምለካው ሰልፌትም አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ከዓመታት በፊት ሰልፋ ያለበት መድኃኒት ሽፍታ አውጥቶብኝ ነበር። በቅርቡ ማርገዝ እንፈልጋለን። አመጋገቡን ልቀጥል? 15 ሚሊግራም ሜቲል ፎሌትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ለሁለቱ ጥያቄዎችዎ አጭሩን መልስ ላስቀምጥ። አመጋገቡን አሁን በያዙት መልኩ አይቀጥሉ፤ 15 ሚሊግራም ሜቲል ፎሌትም (ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ቢ9 አንዱ ዓይነት ነው) አይጀምሩ። በምትኩ የዚሁ ቫይታሚን ሌላ ዓይነት የሆነውን ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ሐኪምዎንም ሆሞሲስተይን የሚባለውን በደም ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የብረት ክምችትና የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ይህን የምልበትን ምክንያት ለመረዳት ሰልፈር በሰውነታችን ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ጥቂት ኬሚስትሪ ይታገሡኝ።

ከምግብ የምናገኘው ሰልፈር አብዛኛው የሚመጣው ጠረናቸው ከሚሰነፍጥ አትክልቶች ሳይሆን ከፕሮቲን፣ በተለይም ሜቲዮኒንና ሲስተይን ከሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ነው። ሜቲዮኒንን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ የግድ ማግኘት አለበት። ከተበላው ሜቲዮኒን ከፊሉ ለጡንቻና ለሌላ ፕሮቲን መገንቢያ ሲውል፣ ከፊሉ በተለይ በጉበት ውስጥ ኤስ-አዴኖሲልሜቲዮኒን ወደሚባል፣ በአጭሩ ሳሚ ብዬ ወደምጠራው ንጥረ ነገር ይለወጣል። ሜቲሌሽን ማለት ሜቲል የምትባለውን ባለአንድ ካርቦን ክፍል በዲ.ኤን.ኤ፣ በፕሮቲኖችና በሌሎች ኬሚካሎች ላይ መለጠፍ ሲሆን፣ ሜቲሏን የሚለግሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይኸው ሳሚ ነው። ሜቲሉን ከሰጠ በኋላ በመጨረሻ የሚቀረው ሆሞሲስተይን ነው፤ እሱም መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል። አንደኛው መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሜቲዮኒን መሆን ነው፤ ለዚህም ፎሌትና ቢ12 ያስፈልጉታል፤ ኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አር የሚባለው ኢንዛይም ለዚህ ሥራ የሚሆነውን የፎሌት ዓይነት ያዘጋጃል። ሁለተኛው መንገድ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ሲ.ቢ.ኤስ የሚባለው ኢንዛይም በቫይታሚን ቢ6 እየታገዘ ሆሞሲስተይንን ወደ ሲስተይን በሚያደርሰው መስመር ላይ ያስገባዋል፤ ከሲስተይኑም ግሉታታዮንና ታውሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይሠራሉ፤ የተረፈው ሰልፌት ሆኖ በሽንት ይወጣል።

ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው ብዙ እንደሚኬድ የሚወስነው በዋናነት የሳሚ መጠን ነው። ሜቲዮኒን በብዛት ሲበላ ሳሚ ይጨምራል፤ የጨመረው ሳሚ ሲ.ቢ.ኤስን ያነቃቃዋል፣ ኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አርን ያቀዘቅዘዋል፤ ትርፉም ወደ ታች ይወርዳል። ሜቲዮኒን ሲያንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሲ.ቢ.ኤስ ይዘገያል፣ ሆሞሲስተይኑም ወደ ሜቲዮኒንነት እየተመለሰ ይቆጠባል። ስለዚህ «የሲ.ቢ.ኤስ በሩ ተበርግዶ ሰልፈሩ ሁሉ እየፈሰሰ ነው» የሚለው አባባል ይህን ቁጥጥር ፈጽሞ የዘነጋ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሳይነገርዎ የቀረው ነገር ይህ ነው፤ የሜቲሌሽን ጥሬ ዕቃ ራሱ ሜቲዮኒን ነው። ሜቲሌሽኔ ደካማ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሰልፈር ያላቸውን ፕሮቲኖች ሲተው፣ ሊያግዘው የፈለገውን ሥራ ጥሬ ዕቃ እያሳጣው ነው።

በዘር የሚተላለፉ የዚህ መስመር እውነተኛ ሕመሞች አሉ፤ የምግብ ቅነሳም በእርግጥ ሕክምናቸው የሆነ አሉ። ዋነኛው በሲ.ቢ.ኤስ ኢንዛይም እጥረት የሚመጣው ሆሞሲስቲኑሪያ ነው። ሕመሙ በሕክምና ጽሑፎች የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1962 በሰሜን አየርላንድና በአሜሪካ ሲሆን፣ የኢንዛይሙ እጥረት መንስኤው መሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ታወቀ። በኳታር ከ1,800 አራስ ሕፃናት አንዱ ላይ እንደሚገኝ ተዘግቧል፤ ይህም በዓለም ከታወቁት ከፍተኛው ነው። ሕክምና ያላገኘ ልጅ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ትምህርት ይከብደዋል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በለጋ ዕድሜ የሚመጣ የደም መርጋት ነው። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ችግሩ የሲ.ቢ.ኤስ ማነስ እንጂ መብዛት አይደለም፤ ለእርስዎ ከተነገረዎ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ከፍ ባለ መጠን በሚሰጥ ቢ6 ይሻላቸዋል፤ ለቀሩት ሜቲዮኒን የተቀነሰበት ምግብና ቤታይን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል።

ይህ አመጋገብ በተግባር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ስሙን በቀላሉ አያነሣም። እናትየው የልጁን ድንችና ሩዝ በኩሽና ሚዛን በግራም ትለካለች፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብና ጥራጥሬ ከገበታው ይወጣሉ፤ በምትካቸው ሜቲዮኒን የሌለበት፣ ሲስተይን ግን ሆን ተብሎ የተጨመረበት የአሚኖ አሲድ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠጣል። ጠረኑ ከባድ በመሆኑ ልጁ አፍንጫውን ይዞ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥን ይማራል። ደሙ በየጊዜው እየተመረመረ ድርሻው ከፍ ዝቅ ይደረጋል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል ነጭና ቀይ ሽንኩርት የሚፈቀዱ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነውና። ሲስተይን ራሱ ሰልፈር ያለበት ሆኖ እንኳ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ ምክንያቱም መንገዱ ስለተዘጋ ሰውነት ሊሠራው አይችልም። ስለሆነም «ሰልፈር ቀንስ» የሚለው ጥቅል ትእዛዝ እውነተኛው የሲ.ቢ.ኤስ ሕመም ላለበት ሰው እንኳ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ሕመም ለጥያቄዎ ይበልጥ ይቀርባል። ኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አር የሚባለው ኢንዛይም ከሞላ ጎደል የማይሠራባቸው ጥቂት ልጆች ይወለዳሉ፤ ቢ12ን ለሥራ ማዘጋጀት የማይችሉም አሉ። የሜቲሌሽን ዑደት ችግር የሚለው ስም በትክክል የሚገባቸው እነዚህ ናቸው። የእነሱ ሆሞሲስተይን ከፍ ያለ፣ ሜቲዮኒናቸው ግን ዝቅ ያለ ወይም እስከ መጥፋት የደረሰ ነው። ስለዚህ ቤታይን የሚሰጣቸው ሜቲዮኒናቸውን ከፍ ለማድረግ ጭምር ሲሆን፣ ፕሮቲን መቀነስ ደግሞ አንጎላቸውን የሚጎዳ ስሕተት ሆኖ ይቆጠራል። እርስዎ በያዙት አመጋገብ የሚሻለው የሜቲሌሽን ሕመም የለም፤ የሚብስ ግን አለ።

አሁን ወደ ራስዎ ውጤት ልምጣ። ሲ.ቢ.ኤስ ሲ699ቲ የሚባለው ለውጥ ድምፅ አልባ ከሚባሉት ወገን ነው። በዘረ-መሉ ላይ አንዱ ፊደል በሌላ ተተክቷል፤ ነገር ግን ያ ቦታ ያዘዘው አሚኖ አሲድ ቀድሞም ቲሮሲን ነበር፣ ከለውጡም በኋላ ቲሮሲን ነው። የሚሠራው ኢንዛይም አልተለወጠም። ለውጡ በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ክሊንቫር በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ዘረ-መል መዝገብ ውስጥም ጉዳት የሌለው ተብሎ ሰፍሯል። ኢንዛይሙን አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም አርባ እጥፍ ያፈጥነዋል የሚለው ወሬ ተጨማሪ ንጥረ ነገር በሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ለዓመታት ሲደጋገም ኖሯል፤ በላቦራቶሪ ለክቶ ያሳየው ግን የለም። ቀይ ቀለሙ የሚነግርዎ የእርስዎ ፊደል ከማመሳከሪያው ፊደል መለየቱን ብቻ ነው፤ ሕመም ስለመኖሩ የሚለው ነገር የለም።

ከዚህም ሌላ፣ ከምራቅ ምርመራ የሚወርድ ጥሬ ፋይል ለሕክምና ውሳኔ የተዘጋጀ አይደለም። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በጥሬ ፋይል ላይ የታዩ ለውጦችን በሕክምና ላቦራቶሪ ደግሞ ሲመረምር 40 በመቶ ያህሉን አላገኛቸውም። እንደ ሲ677ቲ ያሉ በሕዝብ ዘንድ የተለመዱ ለውጦች ብዙ ጊዜ በትክክል ይነበባሉ፤ አልፎ አልፎ የሚገኙት ላይ ግን ሌላ ማረጋገጫ ሳይኖር መደናገጥም ሆነ መረጋጋት ተገቢ አይደለም።

ሲ677ቲ ራሱ በ1995 በካናዳ ተመራማሪዎች የተገለጸ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የኢንዛይሙን አሠራርም ይነካል። አንድ ቅጂ ያለው ሰው ኢንዛይሙ ከመደበኛው 65 በመቶ ያህል፣ ሁለት ቅጂ ያለው ደግሞ 30 በመቶ ያህል ይሠራል። ቁጥሩን ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ኢንዛይሞች ትርፍ አቅም ስላላቸው፣ በቂ ፎሌት የሚበላና አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ሆሞሲስተይኑ ከሌላው ሰው እምብዛም አይለይም። ሁለት ቅጂ ያላቸው ሰዎች ፎሌታቸው ወይም ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚን ቢ2 ሲያንስ ሆሞሲስተይናቸው ከፍ ይላል፤ የተለወጠው ኢንዛይም ከቢ2 የሚሠራውን አጋዡን ቶሎ ስለሚጥል ነው። የሰሜን አየርላንድ ተመራማሪዎች ለእነዚሁ ባለሁለት ቅጂ ሰዎች በቀን 1.6 ሚሊግራም ሪቦፍላቪን ሰጥተው የደም ግፊታቸው መቀነሱን አሳይተዋል፤ እኔ በግሌ ስለዚህ ዘረ-መል ከተጻፈው ሁሉ ለሕመምተኛ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ የሚገርመው ግን ሪቦፍላቪን ርካሽ ስለሆነ ይሁን አይሁን የሚያስተዋውቀው ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስና ጄኖሚክስ ኮሌጅ በ2013 የኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አር ምርመራ ለደም መርጋትም ሆነ ለተደጋጋሚ ውርጃ ምክንያት መፈለጊያ ተብሎ እንዳይታዘዝ መክሯል። የእርስዎ አንድ ቅጂ ለብቻው ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

አመጋገብዎ በእርግጥ ሰልፈር ቀንሷል ወይ የሚለውንም እንይ። አንድ ትልቅ እንቁላል ከሁለቱ አሚኖ አሲዶች ሲደመር ከ70 ሚሊግራም በላይ ሰልፈር ይሰጣል። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ግን፣ ያ ሁሉ ጠረን እያለው፣ ወደ 10 ሚሊግራም ገደማ ቢኖረው ነው። ከተዉት ዝርዝር ውስጥ የሌለው ጤፍ ደግሞ ከእህል ዘሮች ሁሉ በሜቲዮኒን ከበለጸጉት አንዱ ነው፤ በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ400 ሚሊግራም በላይ ሜቲዮኒንና ከ200 ሚሊግራም በላይ ሲስተይን አለ። አንድ ሰፊ እንጀራ ይህን ያህል ዱቄት ከወሰደ፣ የሁለት እንቁላል ሰልፈር በልተዋል ማለት ነው። እንጀራውን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አምስት ወር ሙሉ ያቆመዎት እሱ ሳይሆን አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በየቀኑ የሚያስፈልገውን የሜቲዮኒንና የሲስተይን ድምር በኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም አድርጎ ይገምታል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 900 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ይህ ዝቅተኛው ፍላጎት እንጂ ጣሪያው አይደለም። ጥራጥሬን በመተውዎ ያጡት ይልቅ ላይሲን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ነው፤ እንጀራው በላይሲን ደካማ ነው፣ ሽሮውና ምስሩ ደግሞ በእሱ የበለጸጉ ናቸው፤ እንጀራ በሽሮ አብሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሲጥሉ የፕሮቲኑ ጥራት ይወርዳል፤ ለጸጉርም ለጡንቻም የሚበቃ አይሆንም።

እንግዲህ «ታዲያ ሆዴ ለምን ተሻለው?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መሻሻልዎንም አልጠራጠረውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ስንዴ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይይዛሉ፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ደግሞ ጋላክታን የሚባለውን። ሁለቱንም የሰው ትንሽ አንጀት መፍጨት ስለማይችል ወደ ትልቁ አንጀት ወርደው በባክቴሪያ ይብላላሉ፤ ጋዝም ይፈጥራሉ። አንጀቱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው በዚህ ይነፋል፣ ይቆረጠዋል፤ አንዳንዱም ራሱን ይከብደዋል። በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ላክቶስም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ ጎልማሳ ሆነው ላክቶስን መፍጨት የሚያቅታቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እርስዎ የተዉት ዝርዝር ከዚህ ጋር በአብዛኛው የተገጣጠመ ነው።

ምክንያቱ ሰልፈር ይሁን ፍሩክታን፣ በቤትዎ መለየት ይቻላል። ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ የነጭ ሽንኩርት የሰልፈር ጠረን ግን ወደ ዘይት ይገባል። ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳይከተፍ በዘይት ውስጥ በለስላሳ እሳት ያሙቁ፤ ዘይቱ ሲሸት ፍሬዎቹን አውጥተው ይጣሉ፤ በዘይቱም ምግብ ይሥሩ። ዘይቱን በዚያው ቀን ይጨርሱት፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ዘይት የተሠራውን ምግብ ሁለት ሦስት ቀን በልተው ሆድዎ ዝም ካለ፣ የሚያስቸግርዎ ሰልፈር አይደለም። ከወጥ ውስጥ ሽንኩርቱን እየለቀሙ ማውጣት ግን አይረዳም፤ ቁሌቱ ውሃ ከነካው በኋላ ፍሩክታኑ ወደ መረቁ ወጥቷል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ በምን ያህል ሽንኩርት እንደሚሠራ ያውቁታል። በአሜሪካ የሚሸጥ እንጀራ ገብስና ስንዴ የተደባለቀበት መሆን አለመሆኑንም ይጠይቁ፤ ሁለቱም ፍሩክታን አላቸው፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ላይ ከሆኑ ለሆድዎ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

የሽንት ወረቀቱን በተመለከተ፣ በሽንት የሚወጣ ሰልፌት የሚያሳየው የተበላውን ፕሮቲንና የጠጡትን የውሃ መጠን ነው። ጠዋት የሚሰጥ ወፍራም ሽንት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከጠጡ በኋላ ያው ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል። ጡንቻውን እያፈረሰ የሚኖር፣ በቂ የማይበላ ሰውም ሰልፌት ያወጣል፤ የራሱ ፕሮቲንም ሰልፈር አለበትና። ሲ.ቢ.ኤስ ሲፈጥን ይበዛል እየተባለ የሚያስፈራሩበት፣ በዚህ መስመር ላይ የሚለቀቀው አሞኒያም አያሳስብም፤ ከሌላው ፕሮቲን መፈራረስ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ጉበትም ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ወረቀቱን ይተዉት።

የሰልፋ መድኃኒቱ ሽፍታ ከምግብ ሰልፈር ጋር ግንኙነት የለውም። ሰውነትዎ የተቆጣው ለመድኃኒቱ የተለየ ቅርጽ ነው እንጂ በውስጡ ላለው የሰልፈር አቶም አይደለም፤ ስለዚህ ለሰልፋ የሚቆጣ ሰው እንቁላል ወይም ሽንኩርት የሚተውበት ምክንያት የለም፤ ሽፍታውን ግን ለሐኪምና ለፋርማሲ ሁልጊዜ ይንገሩ። ከዚህ የሚለየው ሰልፋይት ሲሆን፣ በደረቀ ፍራፍሬና በወይን ጠጅ ውስጥ ለማቆያ የሚጨመር ነው፤ አንዳንድ አስም ያለባቸውን ሰዎች ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አስም ከሌለብዎ እሱም አያሳስብዎ።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ድካምዎና የጸጉርዎ መርገፍ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከወተት እንጂ ከአትክልት አይገኝም። እርስዎ ሁሉንም ከተዉ አምስት ወር ሆኗል፤ በጉበት ያለው ክምችት ለዓመታት የሚበቃ ቢሆንም፣ ከዚህ በፊት ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት ለዓመታት የጾሙ ከሆነ፣ ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ክምችቱ አስቀድሞ የሳሳ ሊሆን ይችላል። ጾሙን መተው አያስፈልግም፤ የቢ12 ክኒን ግን ያስፈልጋል። የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ ሆሞሲስተይንን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሜቲሌሽንን ለመጠገን ተብሎ የተጀመረው አመጋገብ፣ ሳይታወቅ ሜቲሌሽንን የሚያውክ እጥረት ሊያመጣ ይችላል። እግርዎ ወይም ጣትዎ የሚደነዝዝ፣ የሚወጋ ወይም ሚዛንዎ የሚዛባ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመርመሩ። ቢ12 በደም ውስጥ አጠራጣሪ ቁጥር ካሳየ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለው ምርመራ ይለየዋል። ቀይ ሥጋና ጥራጥሬ የተወች፣ የወር አበባ የምታይ ሴት የብረት ክምችቷም ስለሚወርድ፣ ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ አይርሱ።

15 ሚሊግራም ሜቲል ፎሌት ማለት ለእርግዝና ከሚመከረው ከ400 ማይክሮግራም ወደ 40 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ፎሌት በብዛት ሲወሰድ የቢ12 እጥረት የሚያመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍን ይችላል፤ ደሙ ደህና መስሎ ሳለ ነርቭ መጎዳቱን ይቀጥላል። የእርስዎ ቢ12 ባልታወቀበት ሁኔታ ይህን መጠን መጀመር አይገባም። «ኤም.ቲ.ኤች.ኤፍ.አር ያለበት ሰው ፎሊክ አሲድን መጠቀም አይችልም» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እንደሚገልጸው ሁለት ቅጂ ያላቸው ሰዎች እንኳ፣ ተመሳሳይ ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ በደማቸው የሚገኘው ፎሌት ከሌላው ሰው በአማካይ 16 በመቶ ብቻ ያንሳል። የፅንስን የሕብለ ሰረሰርና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት እንደሚከላከል በሙከራ የተረጋገጠው ፎሊክ አሲድ ነው። ያ ክፍል የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ከማወቋ በፊት በመሆኑ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ልጅ ወይም ፅንስ ኖሮዎት ከሆነ ብቻ በሐኪም ትእዛዝ ወደ 4 ሚሊግራም ከፍ ይላል።

የተዉትን ምግብ አንድ ላይ አይመልሱ፤ ሆድዎን የሚያውከው የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። በእንቁላልና በዓሣ ወይም በሥጋ ይጀምሩ፤ ፍሩክታንም ጋላክታንም የላቸውም። ከሳምንት በኋላ ጎመን፣ ከዚያም በደንብ ተዘፍዝፎ ውሃው የተደፋለትን ምስር በትንሽ በትንሹ ያክሉ። ነጭና ቀይ ሽንኩርትን መጨረሻ ላይ ይሞክሩ።

ሆሞሲስተይኑ በሚለካበት ቀን ናሙናው እንዴት እንደሚያዝ ባለሙያውን ይጠይቁ። ደሙ ተቀድቶ በጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ቀይ የደም ሕዋሶች ሆሞሲስተይን እየለቀቁ በየሰዓቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምሩት፣ ወዲያው በረዶ ላይ ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት። ውጤቱ በሊትር ከ15 ማይክሮሞል በታች ከሆነ፣ የዘረ-መሉ ፋይል ምንም ቢል በዚህ መስመር ላይ የሚታከም ችግር የለብዎትም። ከ15 እስከ 50 ባለው መካከል ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ የታይሮይድ መድከም ወይም የኩላሊት ችግር ነው፤ መንስኤው ከታከመ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ እንደገና ይለካል። ከ50 በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ በተለይም ከ100 ካለፈ፣ እውነተኛው ሆሞሲስቲኑሪያ ሊታሰብ ይገባል፤ ቢ6 የሚረዳው ዓይነት በጉልምስና ዕድሜ ሊገለጥ ይችላል፤ በአሜሪካ የተወለደ ሕፃን ገና በአራስነቱ ሲመረመር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሰው ግን ይህን ምርመራ አላገኘም። በዚያን ጊዜ በዘር የሚተላለፉ የሜታቦሊዝም ሕመሞችን ወደሚያክም ክሊኒክ ይላካሉ፤ ሜቲዮኒንዎ አብሮ ይለካል፤ ከፍ ካለ ቅነሳው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ጭማሪው በክሊኒኩ ይወሰናል፤ እርግዝናውም ከደም መርጋት ጥንቃቄ ጋር በዚያው ይታቀዳል።